የሰፈር ፎቶ ወርክሾፕ፦ 12 ተሳታፊ፣ 6 ሳምንት፣ ሥራው እንዴት ይከፋፈል?

ጥላ_ተከታይ

ሰላም ለሁላችሁ። ነዋሪው ራሱ የሚያነሳበት የሰፈር ፎቶ ወርክሾፕ ልንጀምር ነው። ተሳታፊዎቹ 12 ናቸው፤ ከ16 ዓመት ወጣት እስከ ጡረታ የወጡ ሰዎች አሉበት። ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ 3 ሰዓት ያህል እንገናኛለን። ያለን ዕቃ 4 ካሜራ ነው፤ ሁሉም ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር (ከሙሉ ፍሬም ያነሰ የብርሃን መቀበያ) ያላቸውና 18-55 ሚሜ ዙም ሌንስ የተገጠመላቸው። ሌላው በየኪሱ ያለ ስልክ ነው። ሰፈሩ ከዳር እስከ ዳር በእግር 20 ደቂቃ አይሞላም፤ ግን ጠባብ መተላለፊያ ይበዛበታል።

በመጨረሻ ሁለት ነገር እንዲኖረን እንፈልጋለን፦ እዚያው ሰፈር ውስጥ የሚሰቀል ዐውደ ርእይ፣ እና ከ20 ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ምን እያየ እንደሆነ የሚገባው ማኅደር።

የምጠይቃችሁ፦ ሥራው በመንገድ ይከፋፈል ወይስ በርእሰ ጉዳይ? የካሜራ ትምህርቱ ስንት ቀን ይውሰድ? ፎቶው በማን እጅ ይሰብሰብ? የሰዎች ፈቃድስ እንዴት ይያዝ?

ባለ35

መጀመሪያ በመንገድ፣ ቀጥሎ በጉዳይ። ከመጀመሪያው ቀን በጉዳይ ከጀመራችሁ ሁሉም ወደሚያምረው ይሮጣል፤ ያረጀ በር፣ ቀለም የለቀቀ ግድግዳ፣ የሚስቅ ሕፃን። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲነሳ ከርሞ የቆጣሪ ሳጥን፣ የፍሳሽ ቦይ፣ የጋራ ደረጃ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና የጣሪያ ሽቦ አንድም ፎቶ ሳይኖረው ይቀራል። በመንገድ ብቻ ከሆነ ደግሞ መዝገብ ይወጣል እንጂ ሰው የለበትም።

አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን፦ የሰፈሩን ካርታ በኤ3 ወረቀት አትሙና 6 ክፍል አድርጉት፤ 12 ሰው ስለሆናችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ሰው። ድንበሩን በመንገድ መሃል አታስምሩ። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መንገዱ ድንበር ከሆነ የግራውን አንዱ ጥንድ፣ የቀኙን ሌላው ጥንድ ያነሳል፤ መንገዱ ራሱ ግን የማንም አይሆንም። ድንበሩ በቤቶቹ ጀርባ ይለፍ፤ መንገድ ከሁለት ወገኑ ጋር የአንድ ጥንድ ይሁን።

ከዚያ አንድ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ወደ ታች 6ቱ ክፍሎች፣ ወደ ጎን አራት ሰዓቶች፦ ንጋት፣ እኩለ ቀን፣ አመሻሽ፣ ሌሊት። ባጠቃላይ 24 ሳጥን። በየሳምንቱ የተነሳውን ምልክት አድርጉበት። ክፍለ ጊዜው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ከሆነ ንጋትና ሌሊት ባዶ እንደሚቀሩ ከወዲሁ እወቁት፤ ስለዚህ ከአራቱ የማንሻ ቀናት አንዱን ከፀሐይ መውጫ በፊት፣ አንዱን ከመሸ በኋላ አድርጉ።

የ6 ሳምንቱ አመዳደብ፦ 1ኛው ትምህርትና ካርታ፣ 2ኛውና 3ኛው በመንገድ፣ 4ኛውና 5ኛው በጉዳይ፣ 6ኛው ምርጫ። እውነቱን ለመናገር ምርጫው አንድ ቀን አይበቃውም። 7ኛ ሳምንት ለምኑ።

መግለጫ_ጸሐፊ

ባለ35 ሁለት ሁለት ሰው ያለው ለደኅንነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይጽፋል፤ በየ30 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ያለ ጸሐፊ የተነሳ ፎቶ ከአንድ ወር በኋላ «አንዲት ሴት በር ላይ» ከመባል አያልፍም።

የመስክ ወረቀቱ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ የፎቶው ቁጥር ከስንት እስከ ስንት፣ ቦታ፣ ማን ወይም ምን፣ ሰውየው የተናገረው፣ የፈቃድ ቁጥር። «የተናገረው» የሚለውን ዓምድ ሰፋ አድርጉት፤ የሚጻፈውም በራሱ በተናጋሪው ቃል ይሁን። «ነዋሪው ስለ ውሃ እጥረት ገለጹ» ተብሎ ከተጻፈ ሞቷል። «ውሃው የሚመጣው ሌሊት 8 ሰዓት ስለሆነ በፈረቃ ነው የምንተኛው» ከተባለ ግን ፎቶው ላይ ያሉት ጀሪካኖች ለምን እንደተሰለፉ ማንም ይረዳል።

ካፕሽን (የፎቶው መግለጫ ጽሑፍ) የሚጻፈው በዚያው ቀን ነው። ከ3 ሰዓቱ የመጨረሻውን 40 ደቂቃ ለዚህ ቆርጣችሁ አስቀምጡ፤ «ቤት ሄደን እንጽፋለን» የሚባለው አይጻፍም። ይዘቱ፦ በፎቶው ላይ የማይታየውን ጻፉ። ቀይ በር መሆኑ ይታያል። በሩ ለስንት ቤተሰብ እንደሚያገለግል፣ መቼ እንደተሠራ፣ ወዴት እንደሚያስገባ አይታይም።

ጥቁር_ክፍል

የካሜራ ትምህርት አንድ ቀን፣ እሱም 90 ደቂቃ። ከዚያ በላይ የምታስተምሩት ይረሳል። ስለ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) እና ስለ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ በኤፍ ቁጥር የሚጻፍ) ንድፈ ሐሳብ ከማውራት ካሜራውን አስተካክላችሁ ስጧቸው፦

አፐርቸር ቀዳሚ ሞድ፣ ኤፍ 8። አይሶ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) አውቶ፣ ጣሪያው 3200። ዝቅተኛው የሹተር ፍጥነት 1/125፤ የሚራመድ ሰው ከበዛ 1/250። ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ቀን ላይ በፀሐይ ምልክቱ ይቆለፍ፤ አውቶ ከሆነ የአንዱ ግድግዳ ቀለም በየፎቶው ይለዋወጣል፣ ጎን ለጎን ሲሰቀል ያስቀይማል። ጥሬ ፋይል (ካሜራው ያላስተካከለውና ያልጨመቀው) እና ጄፔግ በአንድነት።

ሌንሱን 24 ሚሜ ላይ አድርጉና በወረቀት ፕላስተር አስሩት። ይህ በኤፒኤስ-ሲ ላይ ከ35 ሚሜ ሙሉ ፍሬም ጋር ይቀራረባል (24 በ1.5 ሲባዛ 36)። የዙም ቀለበቱ ከታሰረ ሰው በእግሩ መቅረብና መራቅ ይገደዳል፤ የ12 ሰው ፎቶም አንድ ሥራ ይመስላል።

ቤት ውስጥ ሲገባ ኤፍ 8 አይሠራም። በ24 ላይ ሌንሱ እስከ ኤፍ 4 አካባቢ ይከፈታል፤ እሱን ክፈቱና ሹተሩን 1/60 አውርዱ፣ ክርኑን ደረት ላይ አስደግፎ ማንሳት ነው። ፍላሽ አትፍቀዱ፤ የክፍሉን ብርሃን ይገድልና ሁሉንም ቤት አንድ ያስመስላል።

ስልክ ለያዙ፦ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ (ግማሹ «ስልኬ ጭጋግ ያሳያል» የሚለው የጣት ቅባት ነው)። 1 በሚለው ሌንስ ብቻ፤ በጣት ማቅረብ ክልክል ነው፣ ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ስለሆነ። የቆዳ ማስዋቢያና ዳራ ማደብዘዣ ይጥፋ። ጣት በሚፈለገው ቦታ ላይ ተጭኖ በማቆየት ብርሃኑንና ፎከሱን መቆለፍ ይለማመዱ፤ ከጨለማ መተላለፊያ ወደ ፀሐይ ሲታይ ሰማዩ ነጭ ወረቀት የሚሆነው ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው። የፋይል ዓይነቱ ጄፔግ ይሁን፤ አዳዲሶቹ ስልኮች በሌላ ዓይነት ስለሚያስቀምጡ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም።

ጠባብ_መንገድ

ጥቁር_ክፍል፣ 24ን ማሰሩ ለሰውና ለሰፊ መንገድ ይሁን። ጠያቂው «ጠባብ መተላለፊያ ይበዛበታል» ብሏል። ሒሳቡን ተመልከት፦ በኤፒኤስ-ሲ በ24 ሚሜ ካሜራው አግድም የሚያየው ስፋት ከርቀቱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። 8 ሜትር ርቀህ ብትቆም 8 ሜትር ግድግዳ ታያለህ። መተላለፊያው 3 ሜትር ከሆነ ግን 3 ሜትር ብቻ። በ18 ሚሜ ደግሞ ከርቀቱ 1.3 እጥፍ፤ ማለትም ወደ 4 ሜትር። ለመተላለፊያ 18፣ ለቀረው 24፤ ሁለት የፕላስተር ምልክት ይበቃል።

ይህ ሒሳብ የመንገዱን ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከታታይ አድርጎ ለማንሳትም ይጠቅማል፤ በ2ኛው ሳምንት ሥሩት። ከማዶ ወገን በትይዩ እየሄዳችሁ እያንዳንዱ ፎቶ የቀደመውን ሲሶ ይደርብ። መንገዱ 8 ሜትር ከሆነ በየ5 ሜትሩ፣ በተለመደ እርምጃ በየ7 እርምጃው። ካሜራው በቁመት ከተያዘ ስፋቱ ወደ 5 ሜትር ስለሚወርድ በየ3 ሜትር ተኩል።

ካሜራውን ወደ ላይ አታዘንብሉት። ሲያዘነብል ቤቶቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ፤ ኋላ በኮምፒውተር ማቃናት ይቻላል፣ ግን ዳርና ዳሩ ይቆረጣል። ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ከታች ብዙ አስፋልት ይግባ፤ አስፋልቱን መቁረጥ ቀላል ነው። ሰዓቱን በተመለከተ ወደ ምሥራቅ የዞረው ጎን ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ የዞረው ከሰዓት። ደመና ካለ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጨርሱ፤ ለዚህ ሥራ ከደመና የተሻለ ብርሃን የለም።

ጥቁር_ክፍል

ተቀብያለሁ፣ 18 ለመተላለፊያ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ በ18 ሰውን በቅርብ አታንሱ፤ ዳር ላይ የቆመው ፊቱ ይለጠጣል።

ማኅደር_ቤት

ወደ ፋይሉ ልምጣ፤ ማኅደሩ የሚበላሸው በአብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ነውና።

ሰዓት። ከመነሳታችሁ በፊት እያንዳንዱ ካሜራ የአንዱን ስልክ ሰዓት፣ ሰከንዱ እየታየ፣ ፎቶ ያንሳ። ስልኮች ሰዓታቸውን ከኔትወርክ ይወስዳሉ፤ ካሜራ ግን አይወስድም። ባትሪው ለረጅም ጊዜ ወጥቶ የቆየ ካሜራ ቀኑን ጭምር ወደ ፋብሪካው መነሻ ይመልሰዋል። ያቺ አንዷ ፎቶ ካለች በፎቶው ውስጥ የተመዘገበው ሰዓት በስንት እንደሚለይ ታሰላላችሁና የቀኑን ፎቶ በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ታስተካክላላችሁ፤ ኤግዚፍቱል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ካልተስተካከለ የ6ቱ ጥንድ ፎቶ በጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደር ይዘበራረቃል፤ የመስክ ወረቀቱም ከፎቶው ጋር አይገናኝም።

አሰባሰብ። በመልእክት መላኪያ ፎቶ አትቀበሉ። ቴሌግራምም ዋትሳፕም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩ ይጨምቁታል፣ በውስጡ ያለውን የቀን፣ የቦታና የካሜራ መረጃም ያስወግዱታል። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1280 ወይም 1600 ፒክስል ይወርዳል። 1600 ፒክስል በኤ3 ሲታተም በኢንች 97 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው፤ ጥሩ ሕትመት ከ200 በላይ ይፈልጋል። የግድ በስልክ መላክ ካለበት «እንደ ፋይል» ተብሎ ይላክ። የተሻለው በገመድ ወይም በካርድ አንባቢ፣ እዚያው፣ ሰው ሳይበተን ነው።

መጠን። እያንዳንዱ ጥንድ በቀን 150 ፎቶ ቢያነሳ፣ 6 ጥንድ በ4 ቀን 3600 ነው። ጄፔጉ በአማካይ 8 ሜጋባይት ቢሆን ወደ 29 ጊጋባይት። የ4ቱ ካሜራ ጥሬ ፋይል እያንዳንዱ 28 ሜጋባይት ቢሆን ተጨማሪ 67። በድምሩ 100 ጊጋባይት አይሞላም። ስለዚህ ቅጂ ላለማስቀመጥ ምክንያት የለም፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ሌላ ሕንፃ ውስጥ። ካርዱ የሚጸዳው ሁለት ቅጂ መኖሩና ፎቶዎቹ መከፈታቸው ከታየ በኋላ ነው፤ የፋይሉ ብዛት ብቻ መመሳሰሉ አይበቃም።

ስያሜ። ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ፦ 20250314_03_07_0142። ዓመተ ምሕረት-ወር-ቀን (ካሜራው በሚመዘግበው አቆጣጠር)፣ የሰፈሩ ክፍል፣ የተሳታፊው ቁጥር፣ የፎቶው ቁጥር። በፋይል ስም ላይ የእኛን ፊደል አትጻፉ፤ አንዳንድ መሣሪያ ሲቀዳ ያበላሸዋል። ፊደላችን ቦታው ካፕሽኑ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ካፕሽን በፎቶው ፋይል ውስጥ የሚቀመጥባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አሮጌው አይፒቲሲ በባይት የተገደበ ነው፦ መግለጫው 2000 ባይት፣ ርእሱ 64፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ቃል 64። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በኮምፒውተር የሚመዘገብበት ዘዴ) እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 64 ባይት ማለት 21 ፊደል ነው፤ ረዘም ያለ ርእስ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። መግለጫውም 660 ፊደል ገደማ ላይ ያበቃል። በዚያ ላይ የፊደል ዓይነቱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ፋይሉ ውስጥ ካልተመለከተ ሌላ ፕሮግራም ሲከፍተው የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ሁለተኛው ኤክስኤምፒ ነው፤ ሁልጊዜ ዩቲኤፍ-8 ነው፣ ይህ የባይት ገደብም የለበትም። ካፕሽኑን እዚያ ጻፉ። ያም ሆኖ ሁሉንም ካፕሽን በአንድ ሠንጠረዥ ፋይል ለብቻው አስቀምጡ፤ አንዱ ዓምድ የፎቶው ስም፣ ሌላው ካፕሽኑ። ፎቶውን የሚያስተካክል ፕሮግራም መረጃውን ቢያጠፋው ከሠንጠረዡ መልሳችሁ ትጽፋላችሁ።

ጥላ_ተከታይ

የባይቱን ነገር ሰምቼው አላውቅም፤ ባለ35፣ ድንበሩን ወደ ቤቶቹ ጀርባ አዙረነዋል። አሁን ፈቃዱ ላይ እርዱኝ። መንገድ ላይ «አንሺ» ያለ ሰው ዐውደ ርእዩ ላይ ሲያየው ቅር ቢለውስ? ሕፃናትስ?

ፈቃድ_ቅድሚያ

ፎቶ እንዲነሳ መፍቀድና ፎቶው እንዲታይ መፍቀድ ሁለት ነገር ናቸው፤ ቅጹ ይህን ካልለየ ዋጋ የለውም። ሦስት ሳጥን አድርጉ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ምልክት ይደረግበታል፦ (ሀ) በማኅደር ይቀመጥ፣ (ለ) ሰፈር ውስጥ ይሰቀል፣ (ሐ) ኢንተርኔት ላይ ይውጣ። ብዙ ሰው (ሀ)ንና (ለ)ን ይፈቅዳል፣ (ሐ)ን አይፈቅድም። በአንድ ፊርማ ሦስቱን መጠቅለል በኋላ ለጠብ ነው።

አያያዙ፦ እያንዳንዱ ቅጽ ቁጥር አለው። ሰውየው ከተነሳ በኋላ ወዲያው የቅጹን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ወረቀቱን ፎቶ አንሱ። በፎቶዎቹ ተርታ ውስጥ ማን የትኛውን እንደፈቀደ በዚያ ይታወቃል። ስምና ስልክ ያለበት ቅጽ ግን ከፎቶው ጋር በአንድ ዲስክ አይቀመጥ። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ ይነበብለትና ምላሹ በስልክ በድምፅ ይቀዳ።

ሕፃናትን በተመለከተ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ ግዴታ ነው፤ ልጁ «አልፈልግም» ካለ ግን ፊርማው ቢኖርም አይነሳም። ተሳታፊዎቻችሁ ውስጥ 18 ያልሞላው ካለ እሱም እንደ ፎቶ አንሺ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህ ይረሳል።

ለተነሳው ሰው ትንሽ ካርድ ስጡት፦ የፕሮጀክቱ ስም፣ የአስተባባሪው ስልክ፣ የቅጹ ቁጥር፣ «ሐሳብዎን ከቀየሩ እስከዚህ ቀን ይደውሉ»። ቀኑ ከሕትመት በፊት ይሁን። ከታተመ በኋላ ከደወለም ከግድግዳውም ከኢንተርኔቱም ይነሳል፤ ሰው እጅ የገባውን ሕትመት መሰብሰብ እንደማይቻል ግን ቅጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የቅሬታው ዋና መድኃኒት ደግሞ ሌላ ነው፦ ከዐውደ ርእዩ አንድ ሳምንት በፊት ፎቶውን በ10 በ15 ሴንቲሜትር አትማችሁ ለሰውየው ውሰዱለት። ያኔ «ይህን አይደለም፣ ሌላውን» ይላል። ሕትመቱም የእሱ ነው፣ እሱ ዘንድ ይቅር።

የቅጂ መብቱ የአንሺው ነው። በአብዛኛው አገር ፎቶው እንደተነሳ፣ ምንም ምዝገባ ሳይኖር፣ መብቱ ይጸናል። ተሳታፊው ለፕሮጀክቱ የመጠቀም ፈቃድ ይስጥ እንጂ መብቱን አያስረክብ፤ ስሙም በየፎቶው ሥር ይጻፍ።

ቤት ውስጥ ስታነሱ ዳራውን እዩ፦ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ሰነድ፣ የበር ቁልፍ ዓይነት፣ የባንክ ወረቀት። የጂፒኤስ መረጃም በማኅደሩ ቅጂ ይቆይ፣ ኢንተርኔት ላይ ከሚወጣው ይጥፋ።

ጎዳና_ሰው

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው የፊት ፎቶ ይሠራል። ገበያ ውስጥ 40 ሰው በአንድ ፎቶ ሲገባ 40 ቅጽ ይሞላል? በብዙ አገር በሕዝብ ቦታ ማንሳት አይከለከልም። በዚህ ልክ ከተጠበቀ የሰፈሩ ሕይወት ሳይሆን ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ብቻ ነው የሚቀረው።

ፈቃድ_ቅድሚያ

የአገሩ ሕግ ይለያያል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለብዙ ሰው ስብስብ ቅጽ አልልም። ልዩነቱ ግን ይህ ዐውደ ርእይ እዚያው ሰፈር መሰቀሉ ነው፤ የተነሳው ሰው በየቀኑ በሥሩ ያልፋል። ስለዚህ በስብስብ ውስጥ አንድ ፊት ለብቻው ጎልቶ ከወጣ፣ ወይም ሰውየው በሚያሳፍር ሁኔታ ከታየ (ሲጣላ፣ ሰክሮ፣ ተኝቶ)፣ ፈቃድ ይጠየቅ ወይም አይሰቀል። ለቀረው ከሁለት ሳምንት በፊት በሰፈሩ ማስታወቂያ መለጠፍና ተሳታፊዎች መለያ ባጅ ማድረጋቸው ይበቃል። ፊት መሸፈን ካስፈለገም በቅጂው ላይ፣ በሙሉ ቀለም፤ ስስ ማደብዘዣ ሊገለጥ ይችላል።

ጎዳና_ሰው

በዚህ ከሆነ እስማማለሁ።

የድሮ_ሥዕል

ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣ፤ በ4ኛው ሳምንት የሚጠቅም ስለሆነ ነው። በኒውዮርክ ፎቶ ሊግ የተባለው ማኅበር (እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1951) ውስጥ በአሮን ሲስኪንድ የተመራ ቡድን ሃርለምን በጋራ መዝግቦ ነበር። ፎቶዎቹ ድንቅ ናቸው። ኋላ የተነሳባቸው ትችት ግን ድህነቱ ላይ አተኩረው የሰፈሩን ሌላ ሕይወት ማሳነሳቸው ነው፤ አንሺዎቹም አብዛኞቹ ከሰፈሩ ውጭ የመጡ ነበሩ። ነዋሪ ሲያነሳ ይህ አደጋ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ነዋሪውም «ፎቶ የሚባለው» ችግርን ማሳየት ነው ብሎ ሊጀምር ይችላል።

ለዚህ የሚረዳው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ በቻይና ዩናን ክፍለ ሀገር ከገጠር ሴቶች ጋር ያዳበሩት ዘዴ ነው፤ ፎቶቮይስ ይባላል። ካሜራው በነዋሪው እጅ ሆኖ፣ በየፎቶው ዙሪያ ቡድኑ አምስት ጥያቄ ይወያያል፦ እዚህ ምን ይታያል? በእርግጥ እየሆነ ያለው ምንድን ነው? ከእኛ ሕይወት ጋር ምን ያገናኘዋል? ይህ ለምን ሆነ? ምን ማድረግ እንችላለን? በ3ኛው ሳምንት መጨረሻ 12 ፎቶ፣ ከየሰው አንድ፣ ዘርግታችሁ በነዚህ ብትወያዩ የ4ኛው ሳምንት ጉዳዮች ከዚያ ይወጣሉ። ጉዳዩን አስተባባሪው ቀድሞ ከመረጠው አይሆንም። ለእያንዳንዱ ፎቶ 7 ደቂቃ፤ ፎቶውን ያነሳው ሰው መጨረሻ ላይ ይናገር፣ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሰው የሚያየውን ትቶ የሰማውን ይደግማል።

ጥላ_ተከታይ

ጥሩ ነው። ከአዛውንቶቹ ተሳታፊዎች አንዳንዶቹ የድሮ የሰፈሩ ፎቶ አላቸው። ከዚያው ቦታ ደግመን ብናነሳ ይቻላል?

ጠባብ_መንገድ

ይቻላል፤ ግን «እዚህ አካባቢ ነው» በሚል ከተነሳ አይገጥምም። የቆመበትን ቦታ የሚነግራችሁ በቅርብና በሩቅ ያሉ ነገሮች አቀማመጥ ነው፤ ዙሙ አይነግራችሁም። በድሮው ፎቶ ውስጥ ዛሬም ያለ አንድ የቅርብ ጠርዝ (የሕንፃ ማዕዘን፣ ምሰሶ) እና አንድ የሩቅ ጠርዝ (ጣሪያ፣ ኮረብታ) ምረጡ። ከድሮው ፎቶ ይልቅ የቅርቡ ከሩቁ በስተግራ ርቆ ከታየ እናንተ ወደ ግራ ፈቀቅ በሉ፤ በስተቀኝ ከሆነ ወደ ቀኝ፤ የቅርብ ነገር ከመንቀሳቀሳችሁ በተቃራኒ ስለሚሄድ። ግራና ቀኙ ሲገጥም መጠኑን እዩ፦ የቅርቡ ከሩቁ ጋር ሲነጻጸር ከድሮው ይልቅ ከተለቀ ወደ ኋላ፣ ካነሰ ወደ ፊት። ከዚያ ቁመት፦ የቅርቡ አጥር ጫፍ ከሩቁ መስኮት በታች ነው ወይስ በላይ? የድሮ ፎቶ ብዙ ጊዜ በወገብ ከፍታ የተያዘ ካሜራ ስለሆነ ጎንበስ ማለት ሊያስፈልግ ይችላል። ዙሙ የሚስተካከለው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ወይም ሰፋ አድርጎ አንስቶ መቁረጥ።

ሰዓቱን ከጥላው ታገኙታላችሁ። የጥላው ርዝመት ከወቅት ጋር ስለሚለያይ አቅጣጫው ከገጠመ አትጨነቁ። የተቆመበትን ቦታ በሜትር ከሁለት ቋሚ ነገር ለክታችሁ ጻፉ፤ ሦስተኛውን ዙር የሚያነሳው ሰው ይፈልገዋል። የድሮውን ሕትመት ራሱን ከቤት አታስወጡ፤ እዚያው በኢንች 600 ነጥብ ስካን አድርጉ ወይም ጀርባው ላይ የተጻፈውን ጭምር ፎቶ አንስታችሁ መልሱ።

ክፍት_ግድግዳ

ስለ ምርጫው ማንም አልጻፈም፤ ጠብ የሚነሳው ግን እዚያ ነው።

እያንዳንዱ ተሳታፊ ከራሱ 25 ይምረጥ፤ 300 ይሆናል። በ10 በ15 ይታተም። በስክሪን አትምረጡ፤ በስክሪን የሚያሸንፈው ደማቁ ፎቶ ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየትም አይቻልም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የመጀመሪያው ዙር 30 ደቂቃ በዝምታ። ለእያንዳንዱ ሰው 10 አረንጓዴና 3 ቀይ ተለጣፊ ነጥብ። አረንጓዴው «ይሰቀል»፣ ቀዩ «ይህ ቢሰቀል ሰው ይጎዳል»። ቀይ ያለበት ላይ ውይይት ሳይደረግ አይታለፍም፣ አንድ ነጥብም ብትሆን።

ድምፅ ብቻውን ግን ጸጥ ያሉትን ፎቶዎች ይገድላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ድምፅ የማይነካው አንድ ፎቶ አለው፤ 12ቱ በዚህ ይገባሉ። የቀረው በነጥብ እስከ 36 ይሙላ። ከዚያ የባለ35ን ሠንጠረዥ አምጡና ከሰፈሩ 6 ክፍሎች አንዳች ያልገባለት ካለ ተመልከቱ። ከአንድ ክፍል ብቻ 15 ፎቶ ካለ የዚያ ክፍል ነዋሪ ደስ ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ «እኛ የለንም» ይላል።

አሰቃቀል፦ የፎቶው መሃል ከመሬት 145 ሴንቲሜትር፤ ሕፃናትና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ካሉ 135። ካፕሽኑ ከአንድ ሜትር ይነበብ፤ ፊደላችን ውስጡ የተጠጋጋ ስለሆነ በፊደል መጠን ከ20 ነጥብ በታች አትውረዱ። ከተሰቀለ በኋላ ባዶ ወረቀትና እርሳስ በክር አንጠልጥሉ፤ የካፕሽን ስህተት የሚታረመው በጎብኚው ነው።

ጥላ_ተከታይ

ውጭ ግድግዳ ላይ ነው የምንሰቅለው፣ ለአንድ ወር። የፎም ሰሌዳ ይሆናል?

ክፍት_ግድግዳ

ውጭ ፎም አይሆንም። እርጥበት ሲያገኘው በሁለት ቀን ይጎብጣል፣ ነፋስ ይሰብረዋል። የፒቪሲ ባነር አሳትሙ፤ ዳሩ ታጥፎ ተሰፍቶ በየ50 ሴንቲሜትሩ ቀለበት ይመታበት፣ በገመድ ሲወጠር ነፋስ እንዳይሞላው። የሚያብረቀርቅ ሳይሆን ደብዛዛ ገጽ፤ አለዚያ ፀሐይ ሲያርፍበት መስታወት ይሆናል። በቤት ፕሪንተር በተለመደው ውሃ አዘል ቀለም የታተመ ወረቀት ውጭ አታስቡት፤ አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ፋይሉን ስትልኩ ለትልቅ ባነር በኢንች 100 ነጥብ ይበቃል፣ ከሁለት ሜትር ነው የሚታየው። ግድግዳው የማን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ባለ35

ያልተመረጡት 3500ውስ? አንዳንዱ አስተባባሪ ያጠፋቸዋል።

ማኅደር_ቤት

ጥቁር የወጣና ሌንሱ ክዳን ሳይነሳለት የተነሳ ካልሆነ በቀር ምንም አይጠፋ። ለዐውደ ርእይ የማይሆን ፎቶ ዳራው ላይ የሱቅ ዋጋ ዝርዝር፣ የአውቶቡስ ቁጥር፣ ዛሬ የፈረሰ አጥር ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ለማኅደር የሚፈለገው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የተመረጠውን በ5 ኮከብ፣ ካፕሽን ያለውን በ3፣ የቀረውን ያለ ኮከብ አድርጋችሁ አንድ ላይ አስቀምጡ። በዋናው ፎልደር ውስጥ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይኑር፦ የስያሜው ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ፣ የሰፈሩ 6 ክፍሎች ድንበር፣ ሀ ለ ሐ የፈቃድ ደረጃዎቹ፣ የትኛው ፎቶ መቼ ለሕዝብ ሊከፈት እንደሚችል። አንዱን ቅጂ ለአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ስትሰጡ ርክክቡን በሁለት ቅጂ ፈርሙ፤ ያልተፈቀዱት ፎቶዎች በዚያ ቅጂ ውስጥ አይግቡ።